ለስላሳ ስዊቺንግ ያለው ባክ ኮንቨርተር ስሠራ፦ ስለ ዴድ ታይሙ ማንም አላስጠነቀቀኝም

ከ48 ቮልት ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ፣ 5 አምፔር የሚሰጥ ባክ ኮንቨርተር ነው የሠራሁት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ሞስፌቶች (ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያዎች) በየተራ ይበራሉ፤ ለስላሳ ስዊቺንግ ማለት በሞስፌቱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ዜሮ አጠገብ ሲደርስ ማብራት ነው። የታችኛው ሞስፌት ትንሽ ዘግይቶ ይጠፋል። የኢንዳክተሩ (የጥቅል ሽቦው) ከረንት ወደ ኋላ ይዞራል። ያ ኔጌቲቭ ከረንት በሁለቱ ሞስፌቶች መካከል ያለውን ነጥብ ወደ 48 ቮልት ይገፋዋል። ያኔ የላይኛው ሞስፌት ሲበራ እምብዛም የሚያባክነው ኃይል አይኖርም።

ኢንዳክተሩ 2 ማይክሮ ሄንሪ፣ ኮሩ ፌራይት፣ ሽቦው ሊትዝ (ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ)። እስከዚህ ሰላም ነው።

ጉዱ የመጣው ዴድ ታይም (ሁለቱም ሞስፌቶች ጠፍተው የሚቆዩበት አጭር ክፍተት) ላይ ነው። የአምራቹ መመሪያ የሞስፌቱን የውጤት ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅሙን) ከዳታ ሺቱ ውሰዱ፣ ለሁለቱም ሽግግር (ቮልቴጁ ሲወጣም ሲወርድም) አንድ ዴድ ታይም ስጡ ይላል። እስካሁን ያናድደኛል። የዳታ ሺቱ ቁጥር የተለካው በአንድ ቮልቴጅ ብቻ ነው። የሞስፌት ካፓሲታንስ ደግሞ ቮልቴጁ ወደ ዜሮ ሲጠጋ በብዙ እጥፍ ያድጋል። በሽግግሩ መጀመሪያም መጨረሻም ከሁለቱ አንዱ ዜሮ አጠገብ ነው።

በዳታ ሺቱ ቁጥር የሁለቱ ድምር 0.5 ናኖ ፋራድ ነበር፤ ስለዚህ 0.54 አምፔር ኔጌቲቭ ከረንት ይበቃል። በሽግግሩ በሙሉ በሚያስፈልገው ቻርጅ ሲሰላ ግን ድምሩ 1 ናኖ ፋራድ ገደማ ነው። ስለዚህ በ0.54 አምፔር፣ ኦሲሎስኮፑ (ቮልቴጅን በጊዜ የሚስለው መሣሪያ) ላይ የመካከለኛው ነጥብ ቮልቴጅ ሽቅብ ይወጣና 39 ቮልት አካባቢ ሲደርስ አቅም ያጣል። የቀረውን የላይኛው ሞስፌት በግድ ይጎትተዋል። ቀጥ ያለች ዝላይ፣ ከኋላዋ መንቀጥቀጥ። ያቺ ዝላይ በየሳይክሉ ሙቀት ናት።

የሚያስፈልገው 0.76 አምፔር ነው። እኔ 1 አምፔር ስጡ እላለሁ፤ ልክ በልክ ከሆነ ትንሽ ስትዘገዩ ቮልቴጁ ተመልሶ ይወርዳል። ውጤታችሁ ከግብዓቱ ግማሽ በላይ ከሆነ ግን ኔጌቲቭ ከረንት አያስፈልግም፤ ቮልቴጁ በራሱ ይደርሳል።

አንድ ዴድ ታይም የሚባለውንም እርሱት። 0.76 አምፔር ላይ ወደ ላይ ለመውጣት 85 ናኖ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። የላይኛው ሲጠፋ ግን ከረንቱ 11 አምፔር ስለሚጠጋ ቮልቴጁ ከ5 ናኖ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይወርዳል። ለዚህኛውም 85 ከሰጣችሁት በትርፉ ጊዜ ከረንቱ በቦዲ ዳዮዱ (በታችኛው ሞስፌት ውስጥ አብሮ ባለው ዳዮድ) በኩል ያልፋል፤ 400 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ሲሶ ዋት ገደማ በከንቱ ይሄዳል። ሁለቱን ለየብቻ አስተካክሉ፤ ያውም በስሌት ብቻ ሳይሆን ኦሲሎስኮፕ እያያችሁ። የፕሮቡን ረጅም የግራውንድ ሽቦ ነቅላችሁ አጭሯን ስፕሪንግ ግጠሙ። አለበለዚያ የምታዩት መንቀጥቀጥ የሽቦው ይሁን የሰርኪዩቱ አትለዩም።

ኔጌቲቭ ከረንቱን አሳድጌ ሁለቱን ዴድ ታይሞች ከለየሁ በኋላ ዝላይዋ ጠፋች። በዚህ ሥራ እኮራለሁ።

ጭነቱ ሲቀንስ ግን ለዜሮ ቮልቴጅ አልሟገትም። 1 አምፔር ላይ ፍሪኩዌንሲው ከ1 ሜጋ ኸርዝ ያልፋል፤ ኔጌቲቭ ከረንቱም በነበረበት ይቆያል። እዚያ ላይ ጥቂት ሳይክል እያሠሩ ማሳረፍ ይሻላል።