«አባዬ ዛሬ ደህና ነው?»

ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ፣ የሰባት ዓመቷ ልጄ ከጓዳ ሳትወጣ እናቷን በሹክሹክታ «አባዬ ዛሬ ደህና ነው?» ብላ ስትጠይቃት በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። የደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ቁር አጥንት ይሰብራል፤ ያም ሆኖ ለመግባት አመነታሁ።

ብስጭቴ ከየት እንደጀመረ አውቃለሁ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ የወንድሜ ቤተሰብ ሸሽቶ ወደ እኛ መጣ፤ በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ዘጠኝ ሰዎች ሆነን ሰነበትን። እነሱ ወደ ቀያቸው ቢመለሱም ያን ጊዜ የተበደርኩት ገንዘብና እየጨመረ የሚሄደው የቤት ኪራይ ከእኔ ጋር ቀሩ። ራስ ምታቴን «ብርድ ነው» እያልኩ ጋቢ ስደርብበት ቆይቼ፣ ዘንድሮ ጤና ጣቢያ ስለካ የደም ግፊቴ 160 በ100 ሆኖ ተገኘ። ነርሷ ከጨው አስቀድማ የጠየቀችኝ ስለ እንቅልፌ ነበር።

ሰው ሲደነግጥ ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉት እጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳርም ከፍ ይላል። ሌሊት ጅብ ለገጠመው መንገደኛ ይህ ነፍስ አድን ነው፤ ጅቡ ሲያልፍ ሰውነቱም ይረጋጋል። የእኔ ጅብ ግን የቤት ኪራይ ነውና ወር በገባ ቁጥር ይመለሳል።

አረቄውን የጀመርኩት በዚሁ መካከል ነው። በእኛ አገር ለመጠጣት ሰበብ አይታጣም፤ የመጀመሪያው መለኪያ ለብርዱ ይባላል። የእኔ ትከሻ የሚላላው ግን ከሁለተኛው በኋላ ነበር፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ዕዳ እንደሌለበት ሰው እሆናለሁ። ከዚያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስካሩ ሲበርድ ልቤ እየደለቀ እነቃለሁ፤ ሳይተኛ ያነጋ ሰው ደግሞ ጠዋት ሻይ ፈሰሰ ብሎ ቤቱን ያናውጣል፣ ማታም ያንኑ ቁጣ ለማብረድ ወደ አረቄ ቤት ይመለሳል። ለራሴ ማመካኛ መፈለጌ እንዳልሆነ ባለቤቴ ታውቃለች፤ ስትመክረኝ ከርማለች።

በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ከ9,500 በላይ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቆ ነበር። ድብደባን፣ ስድብን፣ ቤት ውስጥ ጠጪ መኖሩንና የመሳሰሉትን መከራዎች ቆጥረው አራትና ከዚያ በላይ ያገኙት ሰዎች፣ አንድም ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ ለአልኮልና ለዕፅ ሱስ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ የነበራቸው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ነበር። የራሴን ቆጠርኩ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ማታ ከአጥሩ በር ሲደርስ ከሳሉ ብቻ ምን ያህል እንደጠጣ እለይ ነበር፤ እንደ ሳሉም ወይ እወጣለሁ፣ ወይ ተኝቻለሁ እላለሁ። የልጄን ለመቁጠር ግን እጄ ከበደኝ።

ዛሬ በሌላ መንገድ ዞሬ፣ ቆሎ ገዝቼ ገባሁ። ኪራዩ ሐሙስ ይከፈላል፤ ግማሹ ገና አልተገኘም። ልጄ ጫማዬን እስካወልቅ ድረስ ፊቴን ስታጠና ቆየችና ቆሎውን ተቀብላኝ ከምድጃው ወዲያ ማዶ፣ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች።