ቄጠማው የጠዋት ነው

ደሴ፣ ቅዳሜ ማታ

ከሰዓት በኋላ የጀመረው ዝናብ እስካሁን አላባራም። የጦሳ ተራራ ጉም ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። መብራት ስለሄደ ሻማ ለኩሼ ነው የምጽፈው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ አንድ ልጅ ይመጣል። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። የሳለውን ያሳየኛል፣ አብረን እናየዋለን፣ ሻይ ጠጥተን ይመለሳል። ዛሬ ግን ደብተሩን ሳይከፍት ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ የራሴን ስታይል እንዴት ነው የማገኘው?»

ሲጠይቀኝ ጭንቀቱ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ስልኩ ላይ የሚያያቸው ሠዓሊዎች ሥራቸው ገና ከሩቅ ይለያል። እሱ ዛሬ አንዱን ይመስላል፣ ነገ ሌላውን። የሆነ ነገር መለስኩለት። መልሴ ለራሴም አልጣመኝም። ሳይጨልም የሐረጎን ቁልቁለት እንዲወርድ ብዬ ቶሎ ሸኘሁት። ከሄደ በኋላ ግን ጥያቄው እዚሁ ቀረ።

እኔ የጀመርኩት በታፔላ ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ታፔላ ጸሐፊ ዘንድ ሦስት ክረምት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ብሩሽ በላምባ ማጠብና ላሜራ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ነበር ሥራዬ። ቆይቶ ፊደል አስያዘኝ። የሐመሩን «ሐ» እግሮች እያንዳንዳቸውን በአንድ ትንፋሽ እንዳወርድ ያዝዘኝ ነበር። መሀል ላይ ከተነፈስክ እጅህ ትንሽ ይርዳል፣ መስመሩም ያሳብቅብሃል። ጽፌ ስጨርስ እጄን ይዞ መንገዱን ያሻግረኛል። ከወዲያ ማዶ ቆመን ታፔላውን እናያለን። «በዝናብ የሚሮጥ ሰው ያነበዋል?» ይለኛል። ካልተነበበ ተመልሼ ጠርዙን በጥቁር አወፍራለሁ።

በኋላ ሸራ ላይ መሥራት ስጀምር ያን ጥቁር ጠርዝ ጠላሁት። ሸራ ስል አቡጀዲ ማለቴ ነው። እንጨት ላይ ወጥሬው፣ ኮላና ነጭ ቀለም ቀብቼ የማደርቀው። ሥዕሌ ታፔላ ታፔላ እንዳይሸት ብዬ ጠርዙን ለማጥፋት አራት ዓመት ያህል ታገልኩ። በዚያን ጊዜ የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥራዎች እያየሁ ቀዳሁ። የእስክንድር ቦጎሲያንንም ቀዳሁ። መቅዳቴ አይቆጨኝም። እጅ የሚፍታታው በመቅዳት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም ከመምህራቸው እየቀዱ ነው ያደጉት። የኔ ስሕተት ሌላ ነበር። የደረሱበትን ብቻ አየሁ፤ ከየት እንደተነሡ አላየሁም።

እስክንድር ፓሪስ ኖሯል፣ አሜሪካ ሄዶ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ሥዕሉ ውስጥ ግን የደብተራ ጠልሰም፣ ያ የክታብ ሥዕል፣ አለ። ወሰኔ ኮስሮፍ እዚያው ሃዋርድ ተምሯል፤ የሚስለው ግን የኛኑ ፊደል እየበተነና እየገጣጠመ ነው። ዘሪሁን የትምጌታ ቀርከሃ ሰንጥቆ፣ ጎን ለጎን ደርድሮ እላዩ ላይ ይስላል። ታደሰ መስፍን ደግሞ የኛው የወልድያ ልጅ ነው። ሶቪየት ኅብረት ድረስ ሄዶ ተማረ። ዛሬ በዓለም የሚታወቀው የገበያ ሴቶችን በመሳል ነው። ቀጥ ብለው ቆመው፣ የሚሸጡት ነገር ከፊታቸው ተደርድሮ። እነዚያን ሴቶች ባየሁ ቁጥር ሰኞ ገበያ መሀል የቆምኩ ይመስለኛል። አብዛኞቹ ሩቅ ሄደው ተምረዋል። የተለዩት ግን ከመሄዳቸው በፊት በሚያውቁት ነገር ነው። ለልጁ ይህን ነበር መንገር የነበረብኝ።

እኔ ከመሳሌ በፊት ምን አውቅ ነበር? ይህን ሻማው ሥር ሆኜ ሳስበው ቆየሁ።

እናቴ ክርስቲያን ናት፣ አባቴ ሙስሊም ነበር። ወሎ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ግድግዳው ላይ ያሉት ዓይኖች ይይዙኝ ነበር። በድሮው አሳሳል ቅዱሳኑና ደጋጎቹ ፊታቸው ሙሉ ነው፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ይታያሉ። ክፉዎቹ በጎን ይሳላሉ፣ አንድ ዓይን ብቻ ይኖራቸዋል። እናቴ ጆሮዬ ላይ «ሁለቱን ዓይኑን ያላሳየህን አትመነው» ትለኝ ነበር። ሥዕል ከሰው ጋር እንዴት እንደሚገናኝ የተማርኩት ያኔ ነው። እኔ ሳላየው እሱ ቀድሞ ያየኝ ነበር። አባቴ ጋ ሰው የተሳለበት ግድግዳ የለም። ምንጣፉ ነበር። አንድ ዓይነት ቅርጽ ይመጣል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይመጣል። ትልልቆቹ ሲሰግዱ እኔ ቅርጾቹን እቆጥር ነበር። ዛሬ ሥዕሎቼ ላይ ትልልቅ ዓይንና የሚደጋገም ነገር ለምን እንደሚበዛ ሰዎች ሲጠይቁኝ ስለ ዲዛይን አወራለሁ። እውነተኛው መልስ ግን ይሄ ነው።

ስለ ተመልካች ደግሞ ያስተማረችኝ ቡና የምታፈላ ሴት ናት።

ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንድ ወዳጄ ቡና ቤት አለው። ግድግዳው ባዶ ከሚሆን ብሎ ሦስት ሥዕል እንድሰቅል ፈቀደልኝ። አንዱ ረከቦት ፊት የተቀመጠች ሴት ናት። ከሥሯ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። እዚያ ቡና የምታፈላው እትዬ ለሳምንታት ሥዕሉን በዝምታ ታየው ነበር። አንድ ጠዋት ስኒ እየደረደረች ጠራችኝ።

«አንተዬ፣ ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው?»

«ምን ሆነች?»

«ቄጠማው የጠዋት ነው። ፊቷ ግን የማታ ነው።»

ቀና ብዬ አየሁት። እውነቷን ነው። ቄጠማው አሁን የታጨደ ይመስላል፣ አረንጓዴው ያበራል። እሷ ቤት ቄጠማ ጠዋት ይጎዘጎዛል፤ ማታ ላይ በእግር ተረግጦ ወደ ቢጫ ያደላል። የሴትዮዋ ፊት ግን ስንት ጊዜ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላ የዋለች ሴት ፊት ነው። ዓይኗ ሥር አብጧል፣ ትከሻዋ ወድቋል። እኔ አረንጓዴውን የመረጥኩት ከቀሚሷ ቀይ ጋር ስለሚሄድ ብቻ ነበር። ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

«ታዲያ ቄጠማውን ላድርቀው?» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ከሰሉን በማራገቢያው አራገበችው።

«ተው እንዲሁ ይሁን። ለማታ እንደገና ጎዝጉዛ ይሆናላ። ደክሟት እያለ የጎዘጎዘችው የሚመጣባት ሰው ቢኖር ነው።»

ከዚያ ወደ ስኒዎቿ ተመለሰች። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ስሕተቴን አገኘችው፤ እዚያው ላይ ደግሞ እኔ ያላሰብኩትን ሰው ወደ ቤቱ አስገባችበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያችን ሴት ባየኋት ቁጥር በሩን የምትጠብቅ ትመስለኛለች። ሥዕሉን ስሠራ ግን አንድም ሰው እየጠበቀች አልነበረም።

አሁን አቡጀዲውን ከመወጠሬ በፊት ሰዓቱን እወስናለሁ። ከጀርባው በእርሳስ እጽፈዋለሁ። «11 ሰዓት፣ ዝናብ ካባራ በኋላ» ዓይነት ነገር። ይሄን ልማድ ስይዝ ነው የሠፈሬን ብርሃን በትክክል ማየት የጀመርኩት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ መንገዱ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በተመሳሳይ ሰዓት ላይ ሁለቱ ከተሞች ሁለት ዓይነት ቀለም አላቸው። ኮምቦልቻ ጥላው በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። እዚህ ክረምት ላይ ጥላ ራሱ የለም። ከጉሙ ውስጥ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ጠርዙ ነው። ጋቢ የለበሰ ጥቁር ቅርጽ። ፊቱ የሚመጣው አጠገብህ ሲደርስ ነው።

ጥቁሩን ጠርዝ ያኔ መለስኩት። ታፔላ ጸሐፊው መንገድ አሻግሮ ያሳየኝ ነገር ለካ ይሄው ነበር። እሱ በዝናብ ለሚሮጥ ሰው ይጽፍ ነበር። እኔም በጉም ለሚመጣ ሰው ነው የምስለው። ዛሬ ሰዎች «ይሄ ያንተ ነው» የሚሉኝ በዚያ ጠርዝ ነው። አራት ዓመት ስሸሸው በኖርኩት።

ልጁ ሥዕሉን ኢንተርኔት ላይ ከለጠፈ በኋላ ላይክ ይቆጥራል። አልፈርድበትም፣ በሱ ዕድሜ ብሆን እኔም እቆጥር ነበር። ግን ላይክ ቄጠማው የጠዋት ነው አይልህም። ለዚያ አንድ ሰው ሥዕልህ ሥር በየቀኑ መዋል አለበት፤ ስኒ እያጠበ፣ ቡና እየቆላ፣ ቀና ሲል እያየ። ሥዕሎቹን አንድ ቦታ እንዲሰቅላቸው ልነግረው ነው። ፀጉር ቤትም ቢሆን፣ የአክስቱ ሱቅም ቢሆን። ከዚያ ሰው ሲያወራ አፉን ዘግቶ ይስማ። መጀመሪያ አካባቢ ያማል፣ በተለይ ያልገባቸው ሲመስልህ። እኔ እትዬን ላስረዳት አፌን ከፍቼ ነበር። እንኳንም ቀደመችኝ።

አምባሰልን አሥር ሰው ቢያዜመው ቅኝቱ ያው ነው። አገራችን ውስጥ ግን ገና ድምፁ ሲሰማ እገሌ ነው ይባላል። ያ ጉሮሮ ተፈልጎ የተገኘ አይመስለኝም። በማዜም ብዛት ወጣ።

ልጁ ከመሄዱ በፊት ደብተሩን ትቶልኝ ሄዷል፣ በደንብ እንዳየው ብሎ። አሁን በሻማው እያገላበጥኩት ነው። አንዳንዱ ገጽ የሰው ግልባጭ ነው፣ ከየት እንደቀዳው አውቃለሁ። እናቱ ልብስ ስታሰጣ አለች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ከሥራ ሲወጡ አሉ። አንድ የቆመ ባጃጅ አለ። አንድ የተኛ ውሻ።

አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ወደ ኋላ ተመለስኩ። በሁሉም ላይ ገርበብ ያለ በር አለ። ውሻው ጀርባ አለ። ከልብሱ ገመድ ወዲያ አለ። ፋብሪካው በር እንኳ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም። ከሰው የቀዳቸው ላይም ሳይቀር ጥግ ላይ ጨምሮበታል። ከበሩ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ጨለማ ይታያል፣ በእርሳስ ደጋግሞ የጠቆረ። ወረቀቱ እዚያ ጋ ሊቀደድ ምንም አልቀረው።

ማወቁን እንጃ። ማታውኑ ልደውልለት ስልኬን አንስቼ ነበር። ከነገርኩት ግን ከነገ ጀምሮ ሆን ብሎ በር መሳል ይጀምራል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሃያ ገጽ እንዲያመጣ ብቻ መልእክት ላኩለት።