ለበዓሉ አስቸግሩኝ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሳችሁ። የዘንድሮው መልእክቴ በተለይ እንደ እኔ የሥራ ውልና የመኖሪያ ፈቃድ ይዛችሁ፣ ደህና ደመወዝ እየበላችሁ በሰው አገር ትልቅ ከተማ ለምትኖሩት ነው። ለእኛ የሚያዝን የለም፤ ሊኖርም አይገባም። በጀልባ ባሕር አላቋረጥንም፣ ድንበር ላይ አላደርንም። ቲኬት ተቆርጦልን፣ ቤት ተፈልጎልን ነው የመጣነው።

የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሯ ሳስኪያ ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ ኒውዮርክ፣ ለንደንና ቶኪዮ ስትጽፍ፣ እንዲህ ያሉ ከተሞች ከፍተኛ ተከፋዩን ባለሙያም፣ ቢሮውን የሚያጸዳለትን ዝቅተኛ ተከፋይም አብረው እንደሚፈልጉ አሳይታለች። ሁለቱም ከውጭ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ማታ ቢሮ የምታጸዳው ሴት ክፍል ያገኘላት ሰው አለ፣ የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ያበደራት አለ፣ ተረኛ ስትሆን ልጇን የሚይዝላት አለ። እሷም በተራዋ ትከፍላለች። የእሷን ኑሮ ማሳመሬ አይደለም፤ ድካሙን እኔ አልችለውም። እኛ ግን ጎረቤት የሚያስፈልግበትን ጉዳይ ሁሉ በገንዘብ ጨርሰነዋል። የማንም ውለታ የለብንም፣ የእኛም ውለታ ያለበት የለም።

አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ቅጽ ስሞላ «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው» የሚል ቦታ ላይ ደረስኩ። ስም፣ ዝምድና፣ ስልክ። የስልኬን ማውጫ ከላይ እስከ ታች ወረድኩበት። የምሳ ወዳጅ፣ የስብሰባ ወዳጅ፣ «አንድ ቀን እንገናኝ» የተባባልነው መዓት ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቢደወልለት የማይደነግጠውን ግን አጣሁ። በመጨረሻ የመሥሪያ ቤቴን ቁጥር ጻፍኩና ዝምድና በሚለው ላይ «አሠሪ» አልኩ። ጸሐፊዋ አነበበችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ማህተሟን መታች።

ትውውቅ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት ሰው የሥራ ወሬ የሚያገኘው ከልብ ወዳጁ ይልቅ አልፎ አልፎ ከሚያገኘው ሰው እንደሚበዛ አሳይቷል፤ አብዛኞቻችን እዚህ የደረስነው በዚያው መንገድ ነው። የልብ ወዳጅነት ግን ጊዜ ይበላል። ጄፍሪ ሆል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት ከ200 ሰዓት በላይ ይፈጃል ብሏል፤ ቢሮ ውስጥ አብሮ መዋሉም ያን ያህል አይቆጠርም። የሁለት ዓመት ውል ያለው ሰው ይህን ሰዓት ከየት ያመጣል? ገና መቀላለድ ስንጀምር የስንብት ግብዣ ይጠራል፣ ዕቃ ይሸጣል፣ ከዋትስአፕ ቡድኑ አንድ ስም ይወጣል።

ለእኔ ግን ከጊዜው ይልቅ የጎዳን ጨዋነታችን ነው። «ላለማስቸገር ብዬ» የማይል ማን አለ? ታሞ የማይናገር፣ ከአየር ማረፊያ ተቀበሉኝ የማይል፣ ቁልፍ ጠፍቶበት ሆቴል የሚያድር። ሁላችንም እየተሳሰብን፣ አንዳችንም የሌላውን ቤት ጓዳ ሳናውቅ ዓመቱ ያልቃል።

ስለዚህ በዚህ በዓል የምመኝላችሁ ድፍረት ነው። ሳትቀጥሩ ደውሉ፤ «ልጄን ለሁለት ሰዓት ያዙልኝ» በሉ። እኔም ልጀምር፦ ከበዓሉ በኋላ ባለው ቅዳሜ ቤት እቀይራለሁ። ዕቃ የሚያጓጉዝ ድርጅት መጥራት እችል ነበር፤ አልጠራም። በቅርብ ያላችሁ ጠዋት ኑና የሶፋውን አንድ ጫፍ ያዙልኝ። ሊፍቱ ስለማይበቃው በደረጃ ነው የምናወርደው፤ ቀድሜ ልንገራችሁ ብዬ ነው። መልካም በዓል።