ከጨረር ሕክምና በኋላ እንጀራ እስክበላ ድረስ

የፍኖተ ሰላም ሰው ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በርበሬ ስቀነጥስና ሳሰጣ ነው ያደግኩት፣ ጎረቤት ድግስ ሲኖር ነይ ጨው ቅመሽልን ተብዬ የምጠራውም እኔ ነበርኩ። ይሄን የምነግራችሁ ጣዕም ሲጠፋብኝ ምን እንደጠፋብኝ እንድታውቁልኝ ነው።

ካንሰሩ ከአፍንጫዬ ጀርባ ነበር። አንገቴ ላይ እብጠት ወጣ፣ አንዱ ጆሮዬም ተደፍኖ ቀረ፣ የሄድኩበት ክሊኒክ ንፍፊት ነው እያለ መድኃኒት ሲቀያይርልኝ አምስት ወር አለፈ። እባካችሁ አንገት ላይ ያለ እብጠት ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ካልጠፋ ናሙና ይወሰድልኝ በሉ። ከዛ አዲስ አበባ ተላክሁ፣ 35 ጊዜ ጨረር ከሰኞ እስከ አርብ ማለት 7 ሳምንት፣ ከሱ ጋር ሲስፕላቲን የሚባል ኬሞ፣ የካንሰር መድኃኒት ማለት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ማለቂያ ላይ ሽሮው ጭቃ ጭቃ አለኝ። የሠራችው ዘመዴ ላይ ተቆጣሁ እኮ፣ ጨው አልጨመርሽም ብዬ፣ ባለቤቴ ቀመሰና ዝም ብሎ አየኝ። ቡናው አመድ፣ ቅቤው ሰም ሆነ። በኋላ ነርሷ እንዳስረዳችኝ ምላስ ላይ ያሉት የጣዕም ሴሎች በየአስር ቀኑ ገደማ የሚታደሱ ናቸው፣ ጨረሩ ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚታደስን ነገር ነው ቀድሞ የሚመታው። ምራቅ የሚያመነጩት እጢዎችም አብረው ይመታሉ፣ ምግብ በምራቅ ካልሟሟ ደግሞ ምላስ አይቀምሰውም። አንድ ነገር ብቻ አልጠፋም፣ የበርበሬ ማቃጠል። ለካ ማቃጠሉ ጣዕም ሳይሆን የሕመም ስሜት ነው፣ ጣዕሙ ሄዶ እሳቱ ብቻ ቀረልኝ።

በአራተኛው ሳምንት አፌ ውስጡ ሁሉ ቆሰለ። በጨውና በቤኪንግ ሶዳ ተጉመጥመጪ ተባልኩ፣ ባለቤቴ ሮጦ ሄዶ ቤኪንግ ፓውደር ገዝቶ መጣ፣ ሁለት ቀን በሱ ከተጉመጠመጥኩ በኋላ ነው ነርሷ ዕቃውን ስታየው ይሄ አይደለም ያለችው። ስለዚ ስትገዙ ሶዳ የሚለውን አንብቡ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ተጉመጥምጦ መትፋት ነው። አልኮል ያለበት የአፍ ማጠቢያ ግን በጭራሽ፣ ቁስል ላይ እሳት ነው።

ትልቁን ስህተቴን ልንገራችሁ። በአምስተኛው ሳምንት በአፍንጫዬ የምግብ ቱቦ ገባልኝና እፎይ አልኩ፣ ከዛ በቃ መዋጥ ተውኩ። 16 ቀን ውሃ እንኳ ጠብ አላደረግኩም፣ ማንም ሰው ትንሽ ትንሽ ዋጪ አላለኝም። ሕክምናው አልቆ ቱቦው ወጥቶ ዓባይን ተሻግሬ ቤቴ ስገባ አንድ ፉት ውሃ አነቀኝ፣ ሳል በሳል ሆንኩ፣ ጉሮሮዬ መዋጥ ረስቷል። ለክትትል ስመለስ ያገኘኋት ባለሙያ ናት የነገረችኝ፣ ጉሮሮ ጡንቻ ነው፣ ካልሠራ ይደክማል አለችኝ። ለኔ ያዘዘችልኝ አገጭን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ መዋጥና ምንም ሳይኖር ራሱ በኃይል መዋጥ ነው፣ አስር አስር ጊዜ በቀን ሦስቴ። ለእያንዳንዱ ሰው የሚሆነው ይለያያልና ራሳችሁ ጠይቁ፣ ግን ሐኪም ካልከለከላችሁ በስተቀር ቱቦ ቢገባላችሁም እንኳ መዋጥ አታቁሙ። ስትበሉ የሚያስላችሁ ከሆነና ትኩሳት ካለ ደግሞ ምግቡ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ይችላል፣ አትቆዩ፣ ሂዱ።

ከ64 ኪሎ 49 ገብቼ ነበር። ሲርበኝ እበላለሁ ብዬ ስጠብቅ ረሃብ የሚባል ነገር አልመጣም፣ ሲጣፍጠኝ እበላለሁ ብዬ ስጠብቅም የሚጣፍጥ ነገር የለም፣ እንዲህ ሆኜ አንድ ወር አባከንኩ። ኪኒን ሲጣፍጠኝ ነው እንዴ የምውጠው አልኩና ስልኬ ላይ በየሁለት ሰዓቱ አላርም ሞላሁ፣ ሲጮህ አንድ ኩባያ፣ ጣመም አልጣመም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤታችን ያለው የእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ እወጣለሁ፣ የመጀመሪያዋ ግማሽ ኪሎ የጨመረች ቀን ነጋዴው ራሱ እልል ሊል ምንም አልቀረው።

ኩባያው ውስጥ የሚገባው መጀመሪያ አጥሚት ነበር፣ በወተት የተሠራ፣ ቅቤና ማር ያለበት፣ ቀዝቀዝ ያለ። ከዛ በወተት የተፈጨ ድንች፣ እንቁላል ተመትቶ የገባበት። ሑዳዴ ሲገባ ጭንቅ ሆነብኝ፣ 55 ቀን ያለ ወተትና እንቁላል ከሆነ ኪሎዬ ተመልሶ ሊወርድ ነው፣ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ልጄ፣ ለታመመ ሰው መድኃኒቱ ነው፣ እሱን ጠጪ አሉኝ። አልቅሼ ነው የጠጣሁት።

ወደ እንጀራ የመለሰኝ ግን ተልባ ነው። ምራቅ ከሌለ እንጀራ ላንቃ ላይ ይለጠፋል፣ በጣት ካልተላቀቀ አይወርድም፣ ትኩስ እንጀራ ይሻላል ብዬ ነበር ለካ እሱ ብሶ ይለጠፋል። እናቴ ተልባውን ቆልታ ወቅጣ በውሃ ትበጠብጠዋለች፣ የትናንት እንጀራ በጥቃቅኑ ትቆርስና ውሃውን እስኪጠጣ ትተወዋለች፣ እየተንሸራተተ ይወርዳል። የመጀመሪያዋን ጭልፋ 40 ደቂቃ ፈጀሁባት። ከተልባ ፍትፍት ወደ ቀጠን ያለ ሽሮ ፍትፍት፣ ከሱ ወደ አልጫ ድንች፣ ስድስት ወር ሊሞላ ሲል እንጀራ በወጥ እየነከርኩ።

ጣዕሙ የተመለሰው ተራ ሳይጠብቅ ነው። ሦስተኛው ወር ላይ የድንቹ ጨው ድንገት ተሰማኝ፣ ማንኪያዬን አስቀምጬ ልጄን ጠራኋት፣ ጨው አብዝተሻል ስላት እሷ ደስ ብሏት ጮኸች። ጣፋጭ የመጣው ሰባተኛው ወር ላይ ነው፣ እሱም ተበላሽቶ፣ ማር ለሳምንታት የመድኃኒት ጣዕም ነበረው። ማታ ማታ በጣቴ ጫፍ ጨው፣ ማር፣ ሎሚ እየቀመስኩ ደብተር ላይ ጽፌ ነበር፣ በየቀኑ ለውጥ የለም ትላለህ፣ ደብተሩን ከወር በኋላ ስታየው ግን አለ። አሁን ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል፣ የቡና ምሬት ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፣ ሽታው ግን አለኝ፣ ስለዚ ጀበናው ጋ ተጠግቼ ነው የምቀመጠው።

ጥርስን በተመለከተ፣ ምራቅ ሲደርቅ ጥርስ ቶሎ ይበሰብሳል፣ እኔ ደግሞ ሌሊት ማር ያለው አጥሚት ጠጥቼ ሳልጉመጠመጥ እተኛ ነበር። አንዱ መንጋጋዬ ታመመና እዚሁ ላስነቅለው ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ጨረር ወስጃለሁ ያልኩት፣ ሐኪሙ ጉጠቱን አስቀመጠ። ጨረር ያገኘው የመንጋጋ አጥንት ቁስሉ ላይድን ይችላል፣ ሳትናገሩ ጥርስ እንዳታስነቅሉ አደራ። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ካጠገቤ አይጠፋም። የእንቅርት እጢ (ታይሮይድ) ሆርሞን ምርመራም በየስድስት ወሩ አደርጋለሁ፣ አንገት ላይ ያረፈ ጨረር እጢውን ሊያደክመው ይችላል።

የመጨረሻው ነገር አፍ መክፈት ነው። ጨረሩ መንጋጋዬን አጥብቆት ሁለት ጣት አይገባም ነበር። ሐኪም ጉሮሮ የሚያይበትን ጠፍጣፋ እንጨት ደራርቤ በጥርሶቼ መሃል አስገባለሁ፣ በ10 ጀመርኩ፣ አሁን 17 ደርሻለሁ፣ ጠዋትና ማታ፣ ሲያመኝ አላስገድደውም ግን አንድም ቀን አልዘልም።

ይሄን ያነሳሁት በጉርሻ ምክንያት ነው። እኛ ጋ የታመመ ሰው ፊት ትልቅ ጉርሻ ተጠቅልሎ ይመጣል፣ በሞቴ ይባላል፣ እምቢ ማለት ነውር ነው። አንድ ቀን አማቴ ያጎረሱኝ አንቆኝ ቤቱ ሁሉ ተሸበረ፣ እሳቸው ለሳምንት ምግብ አልበላ አሉ። ተቀምጬ አስረዳኋቸው፣ እማማ አፌ ሁለት ጣት ነው የሚከፈተው፣ ምራቅም የለኝም አልኳቸውና እንጨቶቹን አሳየኋቸው፣ አንድ በአንድ ቆጠሯቸው። አሁን ጉርሻቸው የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች፣ ወጥ ውስጥ ሁለቴ ነክረው ነው የሚሰጡኝ፣ በሌላ እጃቸው የውሃ ብርጭቆ ይዘው እስክውጥ ይጠብቃሉ።