ከፋሲካ የተረፈ የማንጎ ሶስና የደጋ አጃ

በቤታችን ከፋሲካ ምን እንደሚተርፍ አስቀድሞ ማወቅ አያስቸግርም። ዶሮ ወጡ እያደር ስለሚጥም ማንም የተረፈ ነው ብሎ አይጠራውም፤ ድፎ ዳቦው ለመጣ እንግዳ ሁሉ እየተቆረሰ ይሄዳል፤ ጠላውም ዳግማይ ትንሣኤ ሳይደርስ ያልቃል። ባለፈው ፋሲካ ግን ታናሽ እህቴ ለበጉ ጥብስ ማባያ ብላ የሠራችው የማንጎ ሶስ ከግማሽ ድስት በላይ ተርፎ እስከ ማክሰኞ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆየ። ሶሱ ሳይጥም ቀርቶ አልነበረም፤ ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ ሥጋ የናፈቀ የደብረ ማርቆስ ሽማግሌ ጥብሱን በሚጥሚጣ እንጂ በጣፋጭ ነገር መብላት ስላልለመደ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ያ ሶስ በሁለት የአጃ ንጣፍ መካከል ገብቶ እንዴት የቡና ቁርስ እንደሆነ የሚናገር ነው።

እህቴ ብዙ ዓመት አሜሪካ ኖራ የተመለሰች ናት። በዚያ አገር በኖቬምበር ወር አራተኛው ሐሙስ የምስጋና ቀን ይከበራል፤ በማዕዱ ላይ ተርኪ የሚባለው ትልቅ ወፍ ተጠብሶ ክራንቤሪ ከተባለች ቀይና ጎምዛዛ ፍሬ ከተሠራ ሶስ ጋር ይቀርባል። ሶሱ ሲተርፍ ብዙ ቤት ውስጥ ከአጃ፣ ከቅቤና ከስኳር በተሠራ ፍርፍር መካከል ተደርጎ በትሪ ይጋገርና በአራት ማዕዘን ይቆረጣል። እህቴ ይህን ስትነግረኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ፍሬው ነበር፤ ክራንቤሪ እኛ ጋ የለምና። ማንጎው ግን በፋሲካ ሰሞን ከባሕር ዳርና ከፍኖተ ሰላም በኩል በብዛት ይመጣል፤ እሷም ለበዓሉ ሶስ ስትሠራ የመረጠችው ስለዚህ ነው።

ሁለቱ ፍሬዎች ግን እሳት ላይ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። ክራንቤሪ ፔክቲን የሚባለው አርጊ ንጥረ ነገርና ኮምጣጣነት በተፈጥሮው ስለሞላው ከውኃና ከስኳር ጋር ጥቂት ደቂቃ ከፈላ በኋላ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይረጋል። የበሰለ ማንጎ ደግሞ ጣፋጭነቱ ያመዝናል፤ ፔክቲኑም ሆነ ኮምጣጣነቱ አነስተኛ ነው፤ ፔክቲን ደግሞ ስኳርና አሲድ ካላገኘ አይረጋም። ስለዚህ እህቴ ልጣጩና ፍሬው ተለይቶ 1.2 ኪሎ ለሚሆን የማንጎ ሥጋ 300 ግራም ስኳር፣ የ6 ሎሚ ጭማቂ፣ አውራ ጣት የምታህል የተከተፈች ዝንጅብልና አንድ እንጨት ቀረፋ ከጨመረች በኋላ፣ የሎሚዎቹን ፍሬ በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ ቋጥራ ድስቱ ውስጥ ጣለችው። የሎሚ ፍሬና ልጣጭ ፔክቲን አላቸው፤ ቋጠሮው በመጨረሻ ተጨምቆ ሲወጣ የሚንጠባጠበው ልጋግ የሚመስል ፈሳሽ ሶሱን የሚያረጋው እሱ ነው። በወቅቱ ዘይቱን ከተገኘ ከማንጎው ጋር ግማሽ በግማሽ ማድረግ ከዚህ ሁሉ ያድናል፤ ዘይቱን ፔክቲን አያንሰውምና።

ለሥጋ ማባያ የተሠራ ሶስ ግን ለመጋገሪያ ቀጭን ነው። በዝግታ እሳት እንደገና መመለስና ማንኪያው የድስቱን ሥር ሲያልፍበት መንገዱ ለቅጽበት ሳይደፈን እስኪቆይ ድረስ ማማሰል ያስፈልጋል። የውጭ አገር የማርማላታ መመሪያ ሙቀቱ 104 ወይም 105 ዲግሪ እንዲደርስ ያዛል፤ ይህ ግን በባሕር ጠለል አጠገብ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ እኛ ጋ 96 ከደረሰ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጠብቅ ሰው ሶሱን አሳርሮ ያገኘዋል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ሳህን አቀዝቅዞ አንድ ጠብታ ቢያንጠባጥብና በጣቱ ቢሰነጥቀው፣ ስንጥቁ ካልገጠመ ደርሷል ማለት ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ፦ ወደ መጋገሪያ የሚገባው ድስት ውስጥ የቀረው ሶስ እንጂ ማዕድ ላይ ቀርቦ የሰው ማንኪያና የሥጋ መረቅ የነካው መሆን የለበትም።

ሶሱ እንዲህ ከተዘጋጀ በኋላ አጃውን ከጓዳ ሳወጣ እናቴ በመገረም አየችኝና፣ «ማን ወለደ ልጄ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ከልቧ ነበር። በእኛ ቤት አጃ ከጓዳ የሚወጣው አራስ ስትኖር ለአጥሚት፣ ወይም ሰው ታሞ ሲያገግም ለገንፎ ነው፤ ቂንጬውም ቢሆን የሚቀርበው ሆዱን ለሚያመው ሰው ነው። ለእንግዳ አጃ ማቅረብ እንደ ነውር ባይቆጠርም እንደ ክብር አይታይም። ይህ አስተሳሰብ ለአጃ የሚገባ አይመስለኝም። ከጮቄ ተራራ ሥር ባሉት ደጋ ቀበሌዎች፣ ስንዴ ውርጭ በሚፈራበት መሬት ላይ፣ አጃ ጸንቶ የሚቆም እህል ነው፤ አንዳንድ ቦታ እንግዶ ይሉታል። በአገራችን ስም አቬና አቢሲኒካ ተብሎ የተመዘገበ የአጃ ዝርያም አለ፤ እሱ በደጋው ማሳ ከገብስና ከስንዴ ጋር ተደባልቆ ይበቅላል፤ ገበሬውም ብዙ ጊዜ ሳይለየው አብሮ ያጭደዋል። በገዛ አገሩ ይህን ያህል የቆየ እህል ከአራስ ቤት ወጥቶ ከቡና ጋር ቢቀርብ ምንም አይጎድልበትም።

ነገር ግን ክብሩን ለመመለስ ጠባዩን ማወቅ ግድ ነው፤ እኔ ይህን የተማርኩት በመጀመሪያው ትሪ ነው። የወንድሜ ሚስት ስትወልድ ተዘጋጅቶ የተረፈ የአጃ ዱቄት ለወራት በላስቲክ ተቋጥሮ ተቀምጦ ነበር፤ እንዳይባክን ብዬ በሱ ጋገርኩ። መልኩ አማረ፤ ቤቱ ሁሉ በማንጎና በቀረፋ ሽታ ተሞላ። አንድ ቁራሽ ስቀምስ ግን መጀመሪያ ጣፍጦ መጨረሻ ላይ ምላሴን የሚይዝ መራራ ሆነብኝ፤ እህቴም አኝካ መዋጥ አልቻለችም። ምክንያቱ በኋላ ገባኝ። አጃ ከስንዴና ከገብስ የበለጠ ስብ አለው፤ ስቡን የሚያፈርሰው ኤንዛይምም በውስጡ አለ፤ ፍሬው ሳይሰበር እስከቆየ ድረስ ሁለቱ በደንብ አይገናኙም፤ ሲፈጭ ግን ተቀላቅለው ዱቄቱን መራራ ያደርጉታል። ፋብሪካ የሚያዘጋጀው ጠፍጣፋው የአጃ ቅንጣት ከመዳመጡ በፊት በእንፋሎት የሚታጠነው ይህን ኤንዛይም ለማጥፋት ነው። እናቶቻችን ደግሞ አጃን ሳያምሱ አያስፈጩም፤ ምጣድ ላይ የሚሆነውም ያው ነው። የእኛው ዱቄት ለብ ብሎ ብቻ በችኮላ ተፈጭቶ ኖሯል።

ለሁለተኛው ትሪ አጃውን ከጥሬው ጀመርን። እናቴ በሰፌድ አበጥራ ሲናሩን ለቀመች፤ ሙቀጫ ውስጥ በጥቂት ውኃ አርሳ ፈተገችው፤ ገለባው ተነፍቶ ሲወጣ ፍሬው ቀጭንና ፈዛዛ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በብረት ምጣድ ላይ በለስላሳ እሳት አመሰችው። አጃ ሲታመስ እንደ ገብስ ብዙ አይንጣጣም፤ መድረሱን የሚናገረው በሽታው ነው፤ መጀመሪያ የእርጥብ ገለባ ይሸታል፣ ቀጥሎ የትኩስ ዳቦ ቅርፊት፣ በመጨረሻም የተቆላ ለውዝ የሚመስል ሽታ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ሳይዘገይ ሰፌድ ላይ መገልበጥ አለበት። ሲቀዘቅዝ እንደ ቂንጬ ሸርክተን አስፈጨነው። ሽርክቱ ደረቅ ሆኖ ቢጋገር ጥርስ የሚሰብር ጠጠር ስለሚሆን 300 ግራሙን በግማሽ ብርጭቆ የፈላ ወተት አርሼ ለግማሽ ሰዓት ከደንኩት፤ ጠጥቶ ለስልሶ ተነሣ። ጠፍጣፋውን የሱቅ አጃ የሚጠቀም ሰው ይህን ሁሉ መተው ይችላል፤ ጣዕሙ ግን እኩል አይሆንም፤ ይህን የምለው ሁለቱንም ሠርቼ ካየሁ በኋላ ነው።

በለሰለሰው አጃ ላይ 250 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 150 ግራም ማርና 200 ግራም ለጋ ቅቤ ይገባል። ቅቤው ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት ንጥር መሆን የለበትም፤ ማንጎውን ወጥ ወጥ ያሰኘዋል። ሳይቀመም የነጠረ ቅቤ ብቻ ካለ ደግሞ ውኃው ስለወጣለት 160 ግራም ይበቃዋል። ማሩን በስኳር ፈንታ የመረጥኩት የጎጃም ሰው ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ ማር እርጥበት ስለሚይዝ ቁራሹ በሦስተኛው ቀን እንኳ አይደርቅም። በአንጻሩ ቶሎ ስለሚጠቁር እሳቱን በ180 ፈንታ 170 ዲግሪ ማድረግ ይገባል። ሊጡ መታሸት የለበትም፤ በጣት ጫፍ እየተፈተተ ባቄላ የሚያካክል ፍርፍር እስኪሆን ድረስ ብቻ ነው። ከዚህ ሁለት ሦስተኛው ትሪው ላይ ተነጥፎ በብርጭቆ ሥር በደንብ ይጠቀጠቃል፤ ሶሱ እንዳያረጥበው ለብቻው 12 ደቂቃ ይጋገራል፤ ከዚያ 500 ግራም የሚሆነው ወፍራም ሶስ ይለቀለቅበታል፤ የቀረው ፍርፍር ሳይጠቀጠቅ ከላይ ይበተናል። እንደ ኬክ የሚነፋ ነገር ስላልሆነ የደጋ ሰው ከፍታው ያበላሽብኛል ብሎ የሚሰጋበት ምክንያት የለም።

ሶሱን ለቅልቄ፣ ፍርፍሩን በትኜ፣ ትሪውን ምድጃ ውስጥ ካስገባሁ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መብራት ጠፋ። ላዩ ገና ነጭ ነበር፤ ምድጃው ደግሞ እየቀዘቀዘ ሄደ። እኔ ተስፋ ስቆርጥ እናቴ ምንም ሳትናገር ወደ ማድ ቤት ወጥታ ከሰል አያያዘች። ትሪውን አውጥታ በሰፊ ድስት ውስጥ ሦስት ጠጠር ላይ አስቀመጠችው፤ ድስቱን በለዘበ ፍም ላይ አሳረፈች፤ በብረት ክዳን ከደነችና ክዳኑ ላይ ደግሞ ጠንከር ያለ ፍም ደረደረች። ድፎ ዳቦ ሲጋገር እሳት ከላይ እሳት ከታች የሚባለው ይህ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ክዳኑን በጉጠት ከፍ አድርጋ ስታሳየኝ ፍርፍሩ ቡላማ ወርቅ መስሎ፣ በዳር በኩል ሶሱ እየተንፈቀፈቀ በፍርፍሩ ስንጥቅ ብቅ ይል ነበር። የጭሱ ሽታ ጥቂት ገብቶበታል፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ከዚያ ወዲህ መብራት ቢኖርም ትሪው ውስጥ ከሊጡ ሥር ኮባ አነጥፋለሁ፤ ሥሩ አያርም፣ ሲወጣም አይጣበቅም፣ የድፎ ዳቦ መዓዛውንም ይሰጠዋል።

ቶሎ መቁረጥ ትልቁ ስሕተት ነው። ትኩሱ ሶስ ፈሳሽ ስለሆነ ሁለቱን ንጣፍ አያያይዝም፤ ቢያንስ አራት ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሌሊት ማደር አለበት። እኛም አሳደርነው፤ ጠዋት እናቴ በካራ 24 ቦታ ቆረጠችው። ጎኑን አዙራ ከላይና ከታች ቡናማ፣ መሐሉ ብርቱካናማ የሆነውን ንብብር ስታይ፣ «ይህማ የአጃ አነባበሮ ነው» አለች፤ ከዚያ በኋላ በቤታችን ሌላ ስም አላገኘም። ረፋድ ላይ ጎረቤቶች ለቡና ተጠርተው ሲመጡ ከቆሎው ጎን ቀረበ። በአቦሉ አንድ አንድ ወሰዱ፤ ቶናው ሲቀዳ ሳህኑ ተጋምሶ ነበር፤ አንዲት ጎረቤታችንም ለምን ከማርና ከማንጎ ይልቅ ከአጃው ጣዕም ጋር እንደተዋደደች ስታስረዳ፣ አራስ ሳለች አጥሚት ያጠጧት እናቷ ትዝ እንዳሏት ነገረችን።

ሃምሳው ቀን አልፎ የሰኔ ጾም ሲገባ ቅቤውን በ150 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ወተቱን በፈላ ውኃ ተክቼ ሠርቼዋለሁ፤ ትንሽ ይፈረፈራል እንጂ ይበላል። የኑግ ዘይት የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ አግሎ ማብረድ አለበት፤ አለዚያ የራሱ ጣዕም ያይላል። በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ ከሆነ በእኛ ብርድ አምስት ቀን ይቆያል። አሁን ማንጎው ከገበያ ጠፍቷል፤ ክረምቱ ገብቶ ኮክ እስኪመጣ እየጠበቅን ነው። እናቴም ከሰሞኑ ከገዛችው አጃ ግማሹን አምሳ ለአራስ ከሚሆነው ለይታ በሌላ ማሰሮ ከደነችው።