ነፋስ መስሎኝ

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ጆሮዬ ውስጥ አሁንም ቆርቆሮ ይንኳኳል።

የትናንቱ ሥራ ቀላል ነበር። ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጸው ማሽን፣ በቶርኖው፣ የበር ማጠፊያ ፒን ማውጣት፤ 12 ሚሊ ቶንዲኖ (ድቡልቡል ዘንግ ብረት)፣ 40 ፍሬ። ብረቱን ቆራርጬ ማሰር ነበረብኝ። ግን ከእያንዳንዱ ቁራጭ ቻኩ፣ ብረቱን ይዞ የሚያሽከረክረው መንጋጋ፣ የሚነክሳት ጫፍ ትባክናለች። እኔ ደግሞ ቆጣቢ ነኝ ባይ ነኝ። ረጅሙን ብረት እንዳለ በስፒንድሉ፣ ቻኩን በሚያዞረው ቦዶ ዘንግ፣ ቀዳዳ አሳለፍኩት። ከቶርኖው በስተኋላ አንድ ሜትር ያህል ተርፎ ወጣ።

በደቂቃ 250 ዙር ጸጥ ብሎ ሠራልኝ። ስምንት ፒን አወጣሁ። ከዚያ ቸኮልኩና ወደ 500 ከፍ አደረግኩት። ከኋላ የግድግዳው ቆርቆሮ መንኳኳት ጀመረ። ነፋስ መሰለኝ። አዳማ ውስጥ ቆርቆሮ ተንኳኳ ብሎ ማን ዞሮ ያያል? ወዲያው ግን ማሽኑ ራሱ ተንቀጠቀጠ። ፍሬኑን ረግጬ ስዞር ብረቱ እንደ ከዘራ ታጥፏል። ግድግዳው ተቀዷል። ሻይ የምታመጣልን ልጅ በዚያች ጠባብ መተላለፊያ በቀን ሦስቴ ትሪዋን ይዛ ታልፋለች። ትናንት አርፍዳ ነበር። በቃ፣ የተረፈችው በዚህ ነው።

ጋሼ አልጮኹብኝም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ከዘራውን አንስተው አገላብጠው አዩትና፣ "ቀጥ ያለ ብረት አይተህ ታውቃለህ?" አሉኝ። የለም ለካ። ሁሉም ትንሽ ይጎብጣል። ሲሽከረከር ያቺ ጉብጠት ወደ ውጭ ትስባለች፤ በሳበች ቁጥር ትሰፋለች፤ በሰፋች ቁጥር ይበልጥ ትስባለች። ርዝመቱን እጥፍ ካደረግከው ደግሞ የሚችለው ዙር ወደ ሩብ ይወርዳል። እኔ ግማሽ የሚቀንስ ነበር የሚመስለኝ።

ፒኑን ቆራርጠህ ሥራ ተብያለሁ፤ ከስፒንድሉ ኋላ ምንም ብረት እንዳይወጣ። የግድ ረጅም ለሚሆን ሥራ ዛሬ ጠዋት ማቆሚያ በየድን። እኔ ሹካ የመሰለ ነገር ይበቃል ብዬ ነበር። ጋሼ ሳቁ፤ "ዘሎ ይወጣል።" ስለዚህ ብረቱን ዙሪያውን የሚከብ ቱቦ ሆነ፣ ከስፒንድሉ መሃል ጋር ልክ የተስተካከለ፣ እግሩ ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ። ስፒንድሉ የኋላ አፍ ላይም ብረቱን መሃል የሚይዝ ቡሽንግ አስገባን። ይህም ሁሉ ሆኖ ዙሩ ዝቅ ይላል።

የተጣመመውን ብረት ሒሳብ እኔ ከፈልኩ። ቀጥ ካለው ጫፉ ስድስት ፒን ወጣልኝ።

ከሰዓት የሻይዋ ልጅ ቀዳዳው ጋ ቆማ፣ "ይሄን ደግሞ ምን ቀደደው?" አለች።

"ነፋስ ነው" አልኳት።