ጫፉን ያነሳው ወረቀት

ግንቦት፣ እሑድ ማታ፣ ድሬዳዋ

ዛሬ ተሳካልኝ። ከዚራ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ ልክ ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ ከጣቴ የማይረዝም የወረቀት ቁራጭ ማንም ሳይነካው ጫፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ልጄ በእጇ ፀሐይዋን ስትጋርድበት ቀስ ብሎ ተኛ። እጇን ስትመልስ እንደገና ቀና አለ። «እማዬ፣ የሚያየን ይመስላል» አለችኝ። ደስታው አንቆኝ ወዲያው መልስ አልሰጠኋትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስስ ወረቀት ወስጄ በለስላሳ እርሳስ ጥቁር እስኪሆን ቀባሁት፤ በጀርባው ግልጽ ፕላስተር ለጠፍኩበት፤ ከዚያ በመቀስ አቀጥኜ ቆረጥኩት። የእርሳሱ ጥቁረት ግራፋይት ነው፤ ብርሃኑን ውጦ ሙቀት ያደርገዋል። ፕላስተሩ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ወረቀቱ ደግሞ በውስጡ የያዘውን እርጥበት እያጣ ይኮማተራል። አንዱ ሊረዝም ሌላው ሊያጥር ሲፈልግ፣ የተጣበቁ ናቸውና፣ ያላቸው ምርጫ ወደ ወረቀቱ በኩል መታጠፍ ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያቃተኝ በደብተር ሽፋን ስለሞከርኩ ነበር። ወፍራም ወረቀት ግትር ነው፤ ፕላስተሩ አያሸንፈውም።

ወረቀቱ ቀና ሲል አባቴ ትዝ አለኝ። ዕድሜውን የጨረሰው በምድር ባቡር ሥራ ነው። ልጅ ሳለሁ በሐዲዱ መጋጠሚያ ላይ ያለውን ክፍተት በጣቱ እያሳየ «ይህችን ካልተውንለት ቀትር ላይ ይጣመማል» ይለኝ ነበር። አሥር ሜትር ሐዲድ በ30 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 3.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። አባቴና ጓደኞቹ ያን እርዝማኔ ሲጠነቀቁት ኖሩ። እኔ ግን የምፈልገው እሱኑ ነው፤ ፕላስተርን የመረጥኩትም በሙቀት ከብረት አሥር እጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ ነው። አባቴ ቢኖር ኖሮ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር።

ይህ ፍላጎት የያዘኝ ብርሃን ሲያርፍበት ስለሚታጠፍ ሌላ ዓይነት ፊልም፣ ማለትም ስስ የፕላስቲክ ሉህ፣ ሳነብ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ዩ፣ ናካኖ እና ኢኬዳ የተባሉ ተመራማሪዎች በቶኪዮ የቴክኖሎጂ ተቋም አዞቤንዚን የተባለ ሞለኪውል ያለበት ስስ ፊልም ሠሩ። ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ቀጥ ብሎ የነበረው ሞለኪውል ይታጠፋል፤ የፊልሙ የላይኛው ገጽ ይኮማተርና ፊልሙ ይጎብጣል። የሚታይ ብርሃን ሲያገኝ ደግሞ ይዘረጋል። ወዴት እንደሚጎብጥ የሚወስነው የብርሃኑ ፖላራይዜሽን፣ ማለትም የብርሃኑ ሞገድ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ፣ ነው። ሥራውን የሚሠራው ሙቀት ሳይሆን የሞለኪውሉ ቅርጽ መለወጡ ነው፤ ይህን ሳነብ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንዲህ ያለውን ፊልም እዚህ ላገኘው አልችልም። እርሳስና ፕላስተር ግን ሰፈራችን ካለው ሱቅ አይጠፋም፤ ተማሪዎቼ በገዛ እጃቸው ሊሠሩት ይችላሉ።

በዚህ ከተማ ስለ ፀሐይ የምናወራው ስናማርር ነው። ቀትር ላይ መስኮት እንዘጋለን፣ ኒም ዛፍ ሥር እንጠለላለን። ዛሬ ግን ደመና እንዳይመጣብኝ ሰማዩን ሳይ ዋልኩ።

አመሻሹ ላይ ተመልሼ አየሁት። ፀሐይዋ ከጠረጴዛው ላይ ወርዳለች፤ ወረቀቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልተኛም፤ ጫፉ በክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ከፍ ብሎ ቀርቷል። ያጣውን እርጥበት ከአየሩ መልሶ የሚወስደው በዝግታ ይመስለኛል። ከማስመሪያው ጋር እዚያው ትቼዋለሁ፤ ነገ ፀሐይ ሳትወጣ ለክቼ ቁጥሩን ከዚህ ሥር እጽፈዋለሁ።